የታመመ ሕፃን ምግብ የገበያ ሸቀጥ ሊሆን አይገባም

ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አፈር ጥበቃ በዚህ ገጽ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከማሳ ተነሥቶ፣ በፋብሪካ አልፎ፣ ከጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ከረጢት ነው። ከረጢቱ 92 ግራም ይመዝናል። በውስጡ ከተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከምግብ ዘይት፣ እንዲሁም ከቪታሚንና ከማዕድን ድብልቅ የተዘጋጀ ለስላሳ ምግብ ይገኛል። አንዱ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። በገጠር ብዙው ሰው በፋብሪካ ስሙ ፕላምፒ ነት ይለዋል። በከባድ የምግብ እጥረት ለታመመ ሕፃን በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በነፃ የሚታደል የሕክምና ምግብ ነው።

እንደሚታወቀው ግን ይኸው ምግብ በአንዳንድ ሥፍራ በገበያ ቀን ከከረሜላና ከብስኩት ጋር ተደርድሮ ይሸጣል። ተማሪ ለመክሰስ ይገዛዋል። መንገደኛ እንደ ስንቅ ይይዘዋል። ሻጩም ገዢውም የሠሩት ጥፋት ያለ አይመስላቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ይህን ምግብ የሚመለከት ሕግና ደንብ በአገራችንም በዓለምም አለ፤ ነገር ግን ሕጉ በተቆጣጣሪው እጅ የሚደርሰው እስከ ጤና ኬላው ደጃፍ ድረስ ብቻ ነው። ከደጃፉ ወዲያ ያለው ጥበቃ በገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅ ነው። ዛሬ መጠሪያው ቀበሌ በተባለበት ቦታም ቢሆን ኃላፊነቱ ያው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህ ምግብ የተዘጋጀው ለራብ ሳይሆን ለበሽታ መሆኑ ነው። የተራበ ልጅና በከባድ የምግብ እጥረት የታመመ ልጅ አንድ አይደሉም። የተራበ ልጅ እንጀራና ወጥ ሲያገኝ ይጠግባል፣ ይጫወታል። የታመመው ግን ሰውነቱ ራሱን እየበላ ከርሟል። ልቡ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ደክመዋል። በሽታን የመከላከል ኃይሉ ስለ ተሟጠጠ ተራ ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች ሊገድለው ይችላል። ይህን ሕመም ለመለየት ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የግራ ክንዱ መካከለኛ ዙሪያ በመለኪያው ጥብጣብ ሲለካ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ሲጫኑ ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ታሟል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ያበጠ ልጅ ለዓይን ወፍራም ስለሚመስል ቤተሰቡ «ልጃችን ደልቧል» ብሎ ሊዘናጋ መቻሉ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያለውን ሕፃን ማዳን የሚቻለው በሐኪም ቤት ወይም በመመገቢያ ጣቢያ አስተኝቶ ነበር። ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 የተባሉ የሕክምና ወተቶች በንጹሕ ውኃ እየተበጠበጡ ቀንና ሌሊት ይሰጡታል። እናት ለሳምንታት ከልጇ አልጋ አትለይም። ጎጆዋ ይዘጋል፣ ሌሎች ልጆቿ ለጎረቤት ይጣላሉ፣ የአረምና የአጨዳው ወቅት ያልፋል። ስለዚህም ብዙዋ እናት ልጇ ሳይድን ይዛው ትመለስ ነበር። ያቺን እናት ሰነፍ ማለት አይቻልም፤ የቀሩትንም ልጆች ማሰብ ነበረባት።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው የሥነ ምግብ ሐኪም አንድሬ ብሪያን ከምግብ አምራቹ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ የዚያን ወተት ይዘት በኦቾሎኒ ቅቤ መልክ አዘጋጀ። የሥራው ጥበብ ውኃን በማስወገዱ ላይ ነው። ምግቡ ውስጥ ውኃ ከሞላ ጎደል ስለሌለ ተሕዋስያን ሊራቡበት አይችሉም። እሳት አይፈልግም፤ መበጥበጥም አይፈልግም። የኩሬ ውኃ በሚጠጣበት ቀበሌ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሕፃኑ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ግን ከጎኑ ሊቀርብለት ግድ ይላል።

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 በደቡብ ኢትዮጵያ በባደዋቾ ወረዳ 170 በጠና የታመሙ ሕፃናት ሳይተኙ በቤታቸው እየታከሙ ተመዝግበው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 85 ከመቶው ድነዋል፤ የሞቱት 4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በዓለም የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ፣ የታመመ ሕፃን ሁሉ መተኛት አለበት የሚለውን አሮጌ ሐሳብ ለማስለወጥ ካገዙት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና ዩኒሴፍ የሚገኙባቸው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የቤት ለቤት ሕክምናውን በጋራ መግለጫ ደገፉ። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት ስለ ጣለለት፣ ሕክምናው ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጤና ኬላ ድረስ ወረደ። ምግቡም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሂሊና በተባለው ፋብሪካ በአገር ውስጥ መመረት ጀምሯል። በሌላ አነጋገር፣ ሐኪም ቤት የነበረው ሕክምና ወደ ገበሬው ጎጆ ገብቷል ማለት ነው። ሕክምናው ወደ ጎጆው ሲገባ ግን ጥበቃውም አብሮት መግባት ነበረበት።

ለመሆኑ ይህ ከረጢት ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። መልሱ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ማን እንደሚሸጠውና ማን እንደሚያድለው ይወስናል። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደረጃዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ደረጃ ለሕሙማን የሚዘጋጁ ልዩ ምግቦችን ለይቶ አስቀምጧል። በዚያ ደረጃ መሠረት እነዚህ ምግቦች በሐኪም ክትትል ሥር ብቻ የሚወሰዱ መሆናቸው በመለያቸው ላይ መጻፍ አለበት፤ ለሰፊው ሕዝብ ማስታወቂያ ሊነገርላቸውም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ጉባኤ ለዚህ ለኦቾሎኒ ቅቤ መሰሉ ምግብ ራሱን የቻለ መመሪያ አጽድቆ ከልዩ የሕክምና ምግቦች መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በአገራችን ምግብንም መድኃኒትንም በአንድ ጥላ ሥር የያዘው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ምግቡ እንደ መድኃኒት ከታየ ፋብሪካው የመድኃኒት ፋብሪካ ሸክም ይወድቅበታል፣ ዋጋው ይንራል፣ የአገር ውስጥ አምራችም ከውጭ አምራች ጋር መወዳደር ያቅተዋል የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ምግቡ ሲመረት እንደ ምግብ ይመርመር፤ ሲታደል ግን እንደ መድኃኒት ይጠበቅ። ፋብሪካው በምግብ ሕግ በጥብቅ ይፈተሽ። ጤና ኬላ ከገባ በኋላ ግን እንደ ወባ ክኒን ወይም እንደ ክትባት ተቆጥሮ ይግባ፣ ተቆጥሮም ይውጣ። የወባ ክኒን በጉልት ገበያ ከሎሚና ከሽንኩርት ጋር ሲቸረቸር አይቶ ዝም የሚል ሊቀመንበር የለም። ታዲያ ይህኛው ሲቸረቸር ዝም የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የፋብሪካው ቁጥጥር ምን እንደሚጠይቅ በአጭሩ መመልከት፣ ምግቡ ተራ የኦቾሎኒ ቅቤ አለመሆኑን ያስገነዝባል። በ2007ቱ የጋራ መግለጫ መሠረት የውኃ መጠኑ ከመቶ እጅ 2 ነጥብ 5 መብለጥ የለበትም። ከፕሮቲኑ ቢያንስ ግማሹ ከወተት መገኘት አለበት። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን እጅ 5 እጅ ሊበልጥ አይችልም። ይህም ማለት በአሥር ኩንታል ምግብ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ሰው ጥቂት የተበላሸ ኦቾሎኒ ቢበላ ጉበቱ ሊቋቋመው ይችል ይሆናል። የደከመው ሕፃን ግን ለሳምንታት ከእናት ጡት በቀር ዋነኛ ምግቡ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ጉድለት ሁሉ በእሱ ላይ ይከማቻል።

ከፋብሪካ ወጥቶ ጤና ኬላ እስኪደርስ ያለው መንገድ እንግዲህ በሕግ የታጠረ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እንመልከት። አንድ ሕፃን ለሕክምና ሲገባ መጀመሪያ ምግቡን በፊት ለፊት እንዲቀምስ ተደርጎ የመብላት ፍላጎቱ ይፈተናል። መብላት ካልቻለ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል። እንዲህ ላለው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ፕሮቲንና ጨው ያለበት ምግብ መስጠት ሊገድለው ስለሚችል፣ የሚጀመርለት ቀለል ባለው በኤፍ 75 ወተት ነው። መብላት የሚችለው ደግሞ እንደ ክብደቱ ተሰልቶ የሳምንት ድርሻው ለእናቱ ይሰጣል። በየሳምንቱ ተመልሶ ይመዘናል። የክንዱ ዙሪያ 12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ሲጸና ይሰናበታል። ይህም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። ለአንድ ሕፃን ለሳምንት 21 ከረጢት ተሰጠው እንበል። በቀን 3 ከረጢት፣ ማለትም 1500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል። ቤት ውስጥ ሁለት ወንድሞች ካሉና ሦስቱ እኩል ከተካፈሉት ግን ለታመመው የሚደርሰው በቀን አንድ ብቻ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሲመዘን ክብደቱ አልጨመረም። የጤና ሠራተኛዋ ሌላ በሽታ አለበት ብላ ትጨነቃለች። እናቲቱም «ምግቡ አልሠራለትም» ትላለች። ምግቡ ግን ይሠራል፤ አፉ ውስጥ አልገባም እንጂ።

የአንድ ካርቶን ይዘት 150 ከረጢት ነው። አንድን ሕፃን ከሕመሙ ለማዳን በአማካይ የሚበቃው ይህን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። እንግዲያው አንድ ካርቶን ከመጋዘን አውጥቶ ለነጋዴ የሸጠ ሰው የሸጠው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሕፃን መዳን ነው። ሕፃኑ ስሙ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ተራ የሚጠብቅ ሕፃን ነው።

«ምግብ አይደለም እንዴ? ማንስ ቢበላው ምን ጉዳት አለው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጤነኛ ልጅ አንድ ከረጢት ቢበላ አይመረዝም። ጉዳቱ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ያ ከረጢት ከታመመው አፍ ተነጥቋል። ሁለተኛ፣ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚውል፣ ጊዜው ያለፈበትም ሊሆን የሚችል ምግብ ዘይቱ ይሻግታል፣ ቪታሚኑም ይቀንሳል፤ ሻጩ ግን ይህን ላያውቅም ላይናገርም ይችላል። ሦስተኛ፣ ልጇ የታመመባት እናት ከገበያ ገዝታ በራሷ ግምት መስጠት ስትጀምር፣ ሳይለካ፣ ሳይመዘን፣ የመብላት ፍላጎቱ ሳይፈተንና የሚያስፈልገውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል። አራተኛ፣ ዕድሜው 6 ወር ላልሞላው ጨቅላ ከእናት ጡት በቀር ሌላ አያስፈልገውም፤ ገበያው ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

በሌላ ወገን ደግሞ «ከረጢቱን የሸጠችውን እናት መያዝና መቅጣት ነው» የሚሉ መሪዎች አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ነጋዴውንና እናቲቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጣመም ይሆናል። በካርቶን ገዝቶ የሚቸረችረው፣ ከመጋዘን አሳልፎ የሚሰጠው፣ በመኪና ጭኖ ወደ ከተማ የሚያሻግረው ለትርፍ ይሠራል። በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል። አምስት ከረጢት ሸጣ ጣሳ በቆሎ የገዛችው እናት ግን የሠራችው ሒሳብ ሌላ ነው። አንዱ ልጅ ታሟል፤ ሦስቱ ርቧቸዋል። እናት በሦስት የተራቡ ልጆች ፊት አንዱን ብቻ እያጎረሰች ሌሎቹን እንድትከለክል ማዘዝ ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን ከባድ ነው። ይህችን ሴት የቀጣ ማኅበር የሚያገኘው ውጤት አንድ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልጇ ሲታመም ወደ ጤና ኬላ አታመጣውም። ያን ጊዜ ከረጢቱ ከስርቆት ይድናል፤ ልጁ ግን ይሞታል።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለችውን እናት ሲያገኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ሸጥሽ?» ሳይሆን «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ለሌሎቹ የሚበላ ምን አለ?» መሆን ይገባዋል። መልሱ «ምንም የለም» ከሆነ ሥራው የጤና ሠራተኛዋ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የማኅበሩም ሥራ ይሆናል። በዚህ ረገድ የማኅበር መሪዎች እጅ ባዶ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች የሚለዩት በኅብረተሰቡ ተሳትፎ በቀበሌ ደረጃ ነው። በፕሮግራሙ አሠራርም በምግብ እጥረት የታመመ ሕፃን የምታሳድግ ተጠቃሚ እናት ለጊዜው ከሕዝብ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን እንድታገኝ ተደንግጓል። እርከን ስትቆፍር የምትውል እናት ልጇን በየሳምንቱ ወደ ጤና ኬላ ማምጣት እንደማትችል ታስቦ የተደረገ ነው። ይህ ድንጋጌ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ማድረግ የመሪዎች ፈንታ ነው። የጤና ኬላው የሕሙማን መዝገብና የቀበሌው የሴፍቲኔት ዝርዝር በወር አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ቢነበቡ፣ ተረስታ የቀረችው እናት ወዲያው ትታወቃለች። ፕሮግራሙ በሌለበት ወረዳ ደግሞ ዕድሩና ቅሬው አለ፤ ለለቅሶ እህል የሚያወጣ ማኅበረሰብ ለሞት ላልደረሰው ሕፃን ቤተሰብ ጥቂት ቁና ማውጣት አያቅተውም።

ከዚህ ቀጥሎ ማንኛውም ማኅበር ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራቸው የሚችላቸውን ሥራዎች እንጠቁማለን። በመጀመሪያ፣ የሕክምናው ምግብ በማኅበሩ ክልል በሚገኝ ሱቅ፣ ጉልትና ገበያ እንዳይሸጥ በጠቅላላ ስብሰባ ይወሰን፤ ውሳኔው በገበያ ቀን ይለፈፍ። ለባለ ሱቁ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ከደገመ ጉዳዩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የቁጥጥር ባለሙያ ይተላለፍ። ማኅበሩ ራሱ ዕቃ እየወረሰ ማከፋፈል የለበትም፤ ይህ ሌላ ብልሹነት ይወልዳል። የተያዘው ከረጢትም ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተቀመጠ ስለማይታወቅ ተመልሶ ለሕፃን አይሰጥም።

ሁለተኛው የቆጠራ ጉዳይ ነው። ካርቶን ወደ ጤና ኬላ ሲገባ ከማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሰው ተገኝቶ አብሮ ይቁጠር፤ በመዝገቡም ላይ ይፈርም። ይህ የጤና ሠራተኛዋን ለመጠርጠር ሳይሆን ከጥርጣሬ ነፃ ለማውጣት ነው። ብቻዋን የምትሠራ ወጣት ሴት ለባለ ሥልጣኑ ዘመድ፣ ለነጋዴውና ለጎረቤቱ «አይሆንም» ማለት ይከብዳታል፤ ማኅበሩ ከጎኗ መቆሙ ሲታወቅ ግን የሚያስጨንቃት ይቀንሳል። እናቶችም በሳምንቱ ሲመለሱ ባዶ ከረጢቶቹን ይዘው ቢመጡ ምን ያህል እንደ ተበላ ለማወቅ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይኑራቸው፤ በየወሩም ሕፃናቱን ይለኩ። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ጎተራ በሚራቆትባቸው ወራት መለካቱ መዘንጋት የለበትም። ቶሎ የተገኘ ሕፃን ቶሎ ይድናል፤ ምግቡም ጥቂት ይበቃዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። አራተኛ፣ ከረጢቶቹ የሚቀመጡበት ክፍል የማይፈስ፣ አይጥ የማይገባበትና ካርቶኖቹ ከመሬት ከፍ ብለው በርብራብ ላይ የሚደረደሩበት ይሁን። ጣራ መጠገንና ርብራብ መሥራት ለገበሬ አዲስ ሙያ አይደለም።

ኦቾሎኒ የሚያመርቱ ማኅበራት ደግሞ ተጨማሪ ድርሻ አላቸው። የባቢሌ ገበሬ ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚዘራ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ለሕክምና ምግብ የሚሆን ኦቾሎኒ ግን ለገበያ ከሚሆነው ይለያል። የአፍላቶክሲን ሻጋታ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በማሳ ላይ ነው። በድርቅ በተጎዳ፣ በነፍሳት በተበሳ ወይም ጊዜው አልፎ መሬት ውስጥ በቆየ ፍሬ ላይ ያድጋል፤ ከዚያም እርጥብ ሆኖ ሲከመር ይስፋፋል። ቆሎ አድርጎ መቁላት መርዙን አያጠፋውም። ስለሆነም ኦቾሎኒው እንደ ደረሰ ይነቀል፣ ፍሬው ወደ ላይ ተገልብጦ በፀሐይ ይድረቅ፣ በመሬት ላይ ሳይሆን በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ ይሰጣ። ልጣጩ ቶሎ እንዲፈለፈል ወይም ሚዛን እንዲደፋ ብሎ ውኃ መርጨት ፈጽሞ መቅረት አለበት። የተጨማደደውና የሻገተው ተለቅሞ ይጣል፤ ለቤት ልጆችም አይሰጥ። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ንጹሑን ለይቶ የሚያቀርብ ገበሬ ከፋብሪካ ጋር መደራደር ይችላል። የታመመ ሕፃን በሚበላው ከረጢት ውስጥ የገበሬው የእጅ ሥራ አለበት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ሸክሙን በሙሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ለመጣል አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሚጠበቅ አለ። የአቅርቦት መቆራረጥ ራሱ ብልሹነትን ይወልዳል። ዛሬ አለ፣ በሚቀጥለው ወር የለም በሚባልበት ቦታ ሰው ሁሉ ያገኘውን ይደብቃል፤ የተደበቀውም ወደ ገበያ ይወጣል። በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ ሊሆን፣ ማንበብ ለማይችለውም በሥዕል ሊገለጽ ይገባል። የቁጥጥር ባለሙያውም ከወረዳ ከተማ ወጥቶ የገጠር ገበያዎችን መጎብኘት አለበት። ባለሙያው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ብቅ የሚልበት ገበያ፣ ማኅበሩ በሌሎቹ ቀናት ሁሉ ብቻውን የሚጠብቀው ገበያ ነው።

ጉዳዩን ከምንጊዜውም ይበልጥ አስቸኳይ ያደረገው ደግሞ የዕርዳታው መሳሳት ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650 ሺህ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታውቆ ነበር። ይህ የሚያስተምረን ከውጭ የሚመጣው ምንጊዜም ሊቀር የሚችል መሆኑን ነው። ዘላቂው መፍትሔ ሕፃኑ መጀመሪያውኑ እንዳይታመም ማድረግ ነው፤ ይህም በጓሮ አትክልት፣ በዶሮና በላም፣ በንጹሕ ውኃና እናት ጡት በማጥባት ይገኛል። ሆኖም ያ እስኪደረስ ድረስ ዛሬ የታመመውን የሚያድነው በእጅ ያለው ከረጢት ነው። ጥቂት የሆነ ነገር ደግሞ ብዙ ጥበቃ ይሻል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች የግጦሽ መሬትን፣ የምንጭ ውኃንና የጋራ ደንን በደንብና በጥበቃ ማቆየትን ያውቁበታል። ማንም መጥቶ የማኅበሩን ዛፍ ቆርጦ ቢሸጥ አገር ይነሣል። ከጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ያለው ምግብም የጋራ ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ግን ስለ ራሱ ሊናገር የማይችል፣ ክንዱ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃን ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ከማዳበሪያ ዕዳና ከድንበር ክርክር ቀጥሎ ይህ ጉዳይ አንድ የአጀንዳ ነጥብ ሆኖ ይያዝ። በዚያው ስብሰባ የጤና ሠራተኛዋ መዝገቧን ይዛ ትቅረብ፤ በቀበሌው ስንት ሕፃን በሕክምና ላይ እንዳለ፣ ስንት ከረጢት እንደ ገባና ስንት እንደ ወጣ ለማኅበሩ ታሰማ። ከዚያ በኋላ የገበያውን ጉዳይ መወሰን አያስቸግርም።